የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ዋጋው ስንት ነው?

አንድ ባለሀብት በ15 በመቶ ወለድ 10 ሚሊዮን ብር ተበድሮ ሕንፃ ቢያሠራ፣ ሥራው በዘገየ ቁጥር በወር 125 ሺህ ብር ወለድ ይቆጠርበታል። የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ደመወዝ መመዘን ያለበት ከዚህ ኪሳራ አንጻር ነው።

በሙያው በስፋት የሚታወቀው የምስክር ወረቀት ‹‹ፒ.ኤም.ፒ.›› ነው። ለፈተናው ለመቀመጥ ባለዲግሪው የ36 ወራት ፕሮጀክት የመምራት ልምድና የ35 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልገዋል። ልምድ የሌለው ጀማሪ ‹‹ካፕም›› በሚባለው ይጀምራል። ፒ.ኤም.ፒ. በየ3 ዓመቱ በ60 የሙያ ማሻሻያ ነጥብ ይታደሳል።

ሆኖም ቀጣሪ ወረቀቱን ብቻ አይቶ አይፍረድ፤ ‹‹የመጨረሻው ፕሮጀክትህ ስንት ቀን ዘገየ? ከበጀቱስ ምን ያህል አለፈ?›› ብሎ ይጠይቅ። ባለሙያውም የእያንዳንዱን ሥራ የጊዜና የወጪ መዝገብ ከወዲሁ ይያዝ። ለፈተናው ማመልከቻም ሆነ ለደመወዝ ድርድር ማስረጃው እሱ ነው።