የጋፋት ትምህርት ቤት፦ ተተኪ መምህር ያላፈራ የሙያ ትምህርት

ከደብረ ታቦር አጠገብ የምትገኘው ጋፋት በታሪክ የምትታወቀው በአብዛኛው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራባት ስፍራ በመሆኗ ነው። ከማቅለጫው ጎን ግን ወጣቶች ንባብ፣ ጽሕፈትና የእጅ ሙያ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበረ። ይህ ጽሑፍ ትምህርት ቤቱ መሥራቾቹ ከሄዱ በኋላ ለምን እንዳልቀጠለ ይመረምራል።

አስተማሪዎቹ በአብዛኛው በስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ በሚገኘው የክሪሾና የሚስዮን ተቋም የሠለጠኑ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። በኢየሩሳሌም የነበሩት የፕሮቴስታንት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ከ1856 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ላኳቸው። ከእነርሱም ዋልድማየር፣ ሳልሙለርና ቤንደር ይጠቀሳሉ። የመጡት ወንጌልን ለማስተማር ሲሆን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ይበልጥ የፈለጉት ሙያቸውን ነበር።

ትምህርት ቤቱ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ማስኬዱ ትልቅ እርምጃ ነበር። ብረት ቀጥቃጩ «ጠይብ» እየተባለ በሚናቅበት፣ በቡዳነትም በሚጠረጠርበት ኅብረተሰብ ውስጥ ፊደልና መዶሻ በአንድ ግቢ ተገናኙ፤ የእጅ ሥራም የቤተ መንግሥት ድጋፍ አገኘ።

ይሁንና ይኸው ድጋፍ የድክመቱም ምንጭ ሆነ። ትምህርቱ የንጉሡን የጦር መሣሪያ ፍላጎት ተከትሎ ሄደ። በ1866 እ.ኤ.አ. ንጉሡ ዮሐን ማርቲን ፍላድን ባለሙያዎችና መሣሪያዎች እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ላኩት፤ ባለሙያዎቹ እስከ ምጽዋ ቢደርሱም፣ የታሰሩት አውሮፓውያን ባለመፈታታቸው ወደ ውስጥ ሳይዘልቁ ተመለሱ። በ1867 እ.ኤ.አ. ወደ 7 ቶን የሚጠጋው ሴባስቶፖል ተሠርቶ፣ በወራት ጉዞ ወደ መቅደላ ተጎተተ። በሚያዝያ 1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ሲወድቅ አውሮፓውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ ጋፋትም አብሮ አከተመ። ዋልድማየር ግን በ1873 እ.ኤ.አ. በሊባኖስ የብሩማና ትምህርት ቤትን መሠረተ፤ ይህም እስከ ዛሬ ያስተምራል። ስለዚህ የጋፋትን መዘጋት በአስተማሪዎቹ ችሎታ ማነስ ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

ንጽጽሩን ከአገር ውስጥም ማግኘት ይቻላል። ፍላድ በደምቢያ ጀንዳ በቤተ እስራኤል መካከል ያቋቋመው ሥራ ከ1868 እ.ኤ.አ. በኋላም ቀጥሏል። ምክንያቱ ሚካኤል አረጋዊ የተባለው ኢትዮጵያዊ በክሪሾና ተምሮ በመመለስ ለረጅም ዘመን ማስተማሩ ነው። በጀንዳ ተማሪው መምህር ሆነ፤ በጋፋት ተማሪው ረዳት ሠራተኛ ሆኖ ቀረ።

ይህ ልዩነት ለዛሬም ትርጉም አለው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ የጀርመን የሙያ ትብብር ድጋፍ አግኝቷል፤ ከፊሉን በትምህርት ቤት፣ ከፊሉን በሥራ ቦታ የሚሰጠው የትብብር ሥልጠናም ከጀርመን ልምድ ጋር ይዛመዳል። እንደ አሶሳ ባሉ ከመሐል አገር በራቁ ከተሞች ግን ተቀብሎ የሚያሠለጥን አውደ ጥናት አይበዛም፤ ከሌላ አካባቢ የተመደበ አሠልጣኝም ሲለቅ ሙያው አብሮት ሊሄድ ይችላል። በመሆኑም የማሠልጠኛ ተቋም ውጤት የሚመዘነው በተመራቂዎች ቁጥር ብቻ ሳይሆን፣ ከተመራቂዎቹ መካከል ስንቱ በዚያው አካባቢ አሠልጣኝ ሆኖ ቀረ በሚለው ጥያቄ ጭምር ሊሆን ይገባል።