የፈቃድ መንገድና የማስረጃ ሸክም፦ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ መድኃኒቶች ቁጥጥር በአሜሪካ

መግቢያ

ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ መድኃኒትን ከሌሎች የሚለየው ዋናው ነገር የአጠቃቀሙ ሁኔታ ነው። ገዢው ሕመሙን ራሱ ይለያል፤ መድኃኒቱን ራሱ ይመርጣል፤ መቼ መውሰድ እንዳለበትና መቼ ማቆም እንደሚገባው የሚያውቀው ከማሸጊያው ላይ ካለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪው አካል የመድኃኒቱን ደኅንነትና ፈዋሽነት ከማረጋገጥ አልፎ፣ ተራ ሰው ያለ ባለሙያ እርዳታ በትክክል ሊጠቀምበት መቻሉንም መመዘን ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ ያሉትን ሁለት የፈቃድ መንገዶች ያነጻጽራል። ፊኒሌፍሪን የተባለውን የአፍንጫ መታፈን ማስታገሻ እንደ ማሳያ በመውሰድም፣ የፈቃዱ መንገድ የማስረጃ ሸክሙን በማን ላይ እንደሚጥል ይመረምራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ከአዋጅ ቁጥሩ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ መንገዶች

በ1938 የወጣው የአሜሪካ ሕግ አዲስ መድኃኒት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ደኅንነቱ እንዲረጋገጥ አስገደደ። የ1951ዱ ማሻሻያ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሸጡትንና ያለ ትእዛዝ የሚሸጡትን በሕግ ለየ። በ1962 ደግሞ አምራቾች የመድኃኒታቸውን ፈዋሽነት ጭምር እንዲያስረዱ ተደነገገ። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ግን አንድ ችግር ይዞ መጣ፤ በወቅቱ በየመደርደሪያው ላይ የነበሩት ያለ ትእዛዝ የሚሸጡ ምርቶች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ስለነበሩ እያንዳንዱን ለየብቻ መመርመር የሚቻል አልነበረም።

የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ (ኤፍዲኤ) በ1972 የጀመረው ግምገማ ለዚህ መፍትሔ ሆኖ ቀረበ። ግምገማው ምርቶችን አንድ በአንድ ከመመርመር ይልቅ ፈዋሽ ንጥረ ነገሮችን በሚሰጡት አገልግሎት መድቦ በባለሙያ ቡድኖች አስመረመረ። የዚህ ሥራ ውጤት ሞኖግራፍ ይባላል። ሞኖግራፍ የተፈቀደውን ንጥረ ነገር፣ መጠኑን፣ የሚታዘዝለትን ሕመምና በማሸጊያው ላይ መጻፍ ያለበትን ማስጠንቀቂያ የሚዘረዝር ደንብ ነው። አንድ አምራች ምርቱን ከዚህ ደንብ ጋር ካጣጣመ ለምርቱ የተለየ ቅድመ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ፋብሪካውንና ምርቱን ማስመዝገብ፣ መልካም የአመራረት ሥርዓትንም መከተል ግን ግዴታው ነው።

ሁለተኛው መንገድ የአዲስ መድኃኒት ማመልከቻ ነው። በሞኖግራፍ ያልተካተተ ንጥረ ነገር፣ ወይም ከሐኪም ትእዛዝ ወደ ነጻ ሽያጭ የሚዛወር መድኃኒት በዚህ በኩል ያልፋል። አመልካቹ እንደ መድኃኒቱ ሁኔታ ገዢዎች የማሸጊያውን ጽሑፍ መረዳታቸውን፣ መድኃኒቱ ለእነርሱ እንደሚስማማ ወይም እንደማይስማማ በትክክል መለየታቸውን፣ በቤታቸውም እንደ መመሪያው መጠቀማቸውን በጥናት ያሳያል። ኢቡፕሮፌን በ1984፣ በአፍንጫ የሚረጨው ናሎክሶንና ኖርጀስትሬል የተባለው የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ደግሞ በ2023 በዚሁ መንገድ ያለ ትእዛዝ እንዲሸጡ ተፈቅዶላቸዋል።

የሁለቱ መንገዶች መሠረታዊ ልዩነት እዚህ ላይ ይታያል። በማመልከቻው መንገድ ከፈቃዱ በፊት ማስረጃ የሚያቀርበው አመልካቹ ነው። በሞኖግራፍ ግን ንጥረ ነገሩ አንድ ጊዜ ከዝርዝሩ ከገባ በኋላ ማንኛውም አምራች ሊጠቀምበት ይችላል፤ ፈዋሽ አይደለም ብሎ ማስወጣቱ በተቆጣጣሪው ትከሻ ላይ ይወድቃል።

የፊኒሌፍሪን ጉዳይ

በአፍ የሚወሰደውን ፊኒሌፍሪን የባለሙያዎች ቡድን በ1976 ደኅንነቱና ፈዋሽነቱ የታወቀ ነው ብሎ መደበው፤ በ1994 የወጣው የመጨረሻ ሞኖግራፍም ይህንኑ አጸና። በዚያን ጊዜ ግን ዋናው የአፍንጫ መታፈን ማስታገሻ ሱዶኤፌድሪን ስለነበር ጉዳዩ ብዙ ትኩረት አልሳበም። ሱዶኤፌድሪን ለሜታምፌታሚን መሥሪያ መዋሉን ለመግታት በ2006 የጸደቀ ሕግ መድኃኒቱ ከመደርደሪያ ተነሥቶ ከሻጩ ጠረጴዛ ጀርባ እንዲቀመጥ፣ ሽያጩም በመዝገብ እንዲያዝ አዘዘ። አምራቾች ብዙ ምርቶቻቸውን በፊኒሌፍሪን ተኩ። መድኃኒቱ በስፋት የተሰራጨው እንግዲህ አዲስ የፈዋሽነት ማስረጃ ስለተገኘለት ሳይሆን ተፎካካሪው በሌላ ምክንያት ስለተገደበ ነው።

በ2007 የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ10 ሚሊግራም መጠን ፈዋሽነት እንደገና እንዲመረመር ለአስተዳደሩ አቤቱታ አቀረቡ። በዚያው ዓመት የተሰበሰበው አማካሪ ጉባኤ ተጨማሪ ጥናት እንዲደረግ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ የተካሄዱ ሰፋ ያሉ ሙከራዎች፣ እስከ 40 ሚሊግራም የደረሰ መጠን ተሰጥቶም እንኳ፣ መድኃኒቱ ከማስመሰያ ክኒን የተሻለ ውጤት እንዳለው ማሳየት አልቻሉም። ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያ በአፍ የተወሰደው ፊኒሌፍሪን አብዛኛው በአንጀትና በጉበት ተሰባብሮ፣ ሳይለወጥ ወደ ደም የሚደርሰው እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው። በ2023 አማካሪ ጉባኤው በ16 ለ 0 ድምፅ ማስረጃው ፈዋሽነቱን አይደግፍም ሲል ወሰነ። አስተዳደሩም በ2024 ንጥረ ነገሩን ከሞኖግራፉ ለማስወጣት ረቂቅ ትእዛዝ አወጣ። ረቂቁ የተመሠረተው በፈዋሽነት እንጂ በደኅንነት ሥጋት ላይ አይደለም፤ በራሱም ሽያጩን አያግድም።

ከመጀመሪያው አቤቱታ እስከ ረቂቁ 17 ዓመት አልፏል። በ2022 ብቻ ፊኒሌፍሪን ላለባቸው ምርቶች በአሜሪካ ወደ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ወጥቷል። ጉዳቱ መርዛማነት አልነበረም፤ ገዢው የማይፈውስ ነገር በገንዘቡ መግዛቱና ሌላ አማራጭ መፈለጉን ማዘግየቱ ነበር።

የ2020 ማሻሻያ

ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት ሞኖግራፍን መለወጥ የተሟላ ደንብ የማውጣት ሂደት ይጠይቅ የነበረ መሆኑ ነው። በማርች 2020 የጸደቀው ሕግ ይህን በአስተዳደራዊ ትእዛዝ ተካው። አምራቾች ለውጥ እንዲደረግ በራሳቸው እንዲጠይቁ ፈቀደ፤ የአገልግሎት ክፍያ አስከፈለ፤ አዲስ ንጥረ ነገር በሞኖግራፍ እንዲካተት ላደረገ አመልካችም የ18 ወር ብቸኛ የመሸጥ መብት ሰጠ። የፊኒሌፍሪን ረቂቅ የወጣው በዚሁ አዲስ ሥርዓት ነው። ይሁንና ማሻሻያው ያፋጠነው የውሳኔውን ሂደት ነው፤ በዝርዝሩ ያሉትን የቆዩ ንጥረ ነገሮች በየጊዜው መልሶ የመፈተሽ ግዴታ በአምራቾቻቸው ላይ አልጣለም።

መደምደሚያ

የሞኖግራፍ ሥርዓት የብዙ ምርቶችን ምርመራ በአንድ ደንብ በማጠቃለል ጊዜንና ወጪን ይቆጥባል። ድክመቱ የአንድ ዘመን ማስረጃ ለቀጣዩ ዘመንም እንደበቃ አድርጎ መውሰዱ ነው። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒት ለገበያ ከመዋሉ በፊት እንዲመዘገብ ያዛል፤ መነሻው ስለዚህ ከሞኖግራፍ ይልቅ ለማመልከቻው መንገድ ይቀርባል። ሆኖም የፊኒሌፍሪን ታሪክ የሚያነሣው ጥያቄ በየትኛውም ሥርዓት ተገቢ ነው፦ ፈቃድ ሲታደስ የሚታየው ሰነዱ መሟላቱ ነው ወይስ መድኃኒቱ ዛሬም በማስረጃ መደገፉ? ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሚሸጥ መድኃኒት ላይ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል፤ በገዢውና በማሸጊያው ጽሑፍ መካከል ሌላ ባለሙያ የለምና።