ሶፋው ሳይገባ ደረጃውን ለኪ

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ሶፋ ስታስገቡ በረንዳ ላይ ቆሜ አየኋችሁ። የደረጃው መታጠፊያ ላይ ተቀረቀረ፤ እግሩ ተፈቶ ነው የገባው። እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም ይህን ትምህርት በወገቡ ያልተማረ የለም። የሲ ፕሮግራም መጻፍ ጀምሬያለሁ ብለሽኛልና፣ ፋይል ከመጻፍሽ በፊት የምትለኪውን ደረጃ ልንገርሽ።

1. ቁጥር ሸምድደሽ አትመኚ። «የፋይል ስም ከ255 ባይት አይበልጥም» ሲባል ትሰሚያለሽ። ለኢኤክስቲ 4 እውነት ነው። እዚያው ሊኑክስ ላይ የፋት ፍላሽ ሰክተሽ ብትጠይቂ ግን 1530 ይልሻል። የ256 ባይት በፈር አዘጋጅተሽ ከጠበቅሽው፣ ሞልቶ ይፈሳል። ፓዝኮንፍ የሚባለውን ፈንክሽን በ_ፒሲ_ኔም_ማክስ ጥሪው፤ የመለሰልሽን ያህል፣ ለማብቂያው ዜሮም አንድ ጨምረሽ፣ በማሎክ ቦታ ያዢ።

2. የምትጽፊበትን ፎልደር ጠቅሰሽ ጠይቂ። ወሰኑ የኮምፒውተሩ ሳይሆን የዚያ ፋይል ሲስተም ነው። ፍላሽ ላይ ልትጽፊ ሃርድ ዲስኩን መጠየቅ፣ የጎረቤት ብሎክ ውኃ መጣ ሲባል የራስን ልብስ እንደ መዘፍዘፍ ነው። ፋይሉን ከፍተሽው ከሆነ ኤፍፓዝኮንፍ አለልሽ።

3. ባይትና ፊደል አንድ አይደሉም። ይህን በኪሳራ ነው የተማርኩት። ከዓመታት በፊት፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ማመልከቻ ለምትጽፍ ሴት ሰነዶቿን ከፍላሽ ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ፕሮግራም ሠራሁላት። እሷ ደግሞ የከሳሹን፣ የተከሳሹንና የጉዳዩን ስም ሙሉውን የፋይል ስም ታደርገው ነበር። አንዱን ቆጠርኩት፦ 90 ፊደል፣ 14 ክፍት ቦታ፣ ከነነጥቡ 5 ቁምፊ ቅጥያ። ተደምሮ 109 ነው፤ ፋት እስከ 255 ስለሚቀበል ፍላሹ ላይ በሰላም ተቀመጠ። በዩቲኤፍ-8 ግን እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ 270 ሲደመር 14 ሲደመር 5፣ 289 ባይት። ኢኤክስቲ 4 «ስሙ ረዝሟል» ብሎ መለሰው። ፕሮግራሜ መልሱን አላየም፤ «ተጠናቀቀ» ብሎ ጻፈ። እኛም ፍላሹን ፎርማት አደረግነው። ንጹሕ አማርኛ ከሆነ ወሰንሽ 85 ፊደል መሆኑን ያኔ አላውቅም ነበር።

4. ከ-1 ጋር አትቸኩዪ። ፓዝኮንፍ -1 ሲመልስ ወይ ስሕተት አለ፣ ወይ ወሰን የለም ማለት ነው። የሚለየው ኤርኖ ነው። ከመጥራትሽ በፊት ኤርኖን ዜሮ አድርጊው፤ ከጥሪው በኋላም ዜሮ ከሆነ ወሰን የለም፣ ከተለወጠ ግን ጥሪው አልተሳካም።

5. ባዶ ቦታ ሁሉ ያንቺ አይደለም። ስታትቪኤፍኤስ ሁለት ቁጥር ይሰጥሻል፦ ኤፍ_ቢፍሪ ያለውን ባዶ ብሎክ በሙሉ፣ ኤፍ_ባቬይል ለተራ ተጠቃሚ የተፈቀደውን። ኢኤክስቲ 4 ሲፈጠር፣ ካልተነገረው በቀር፣ 5 በመቶውን ለሩት ያስቀምጣልና ሁለተኛውን በኤፍ_ኤፍአርሳይዝ አባዢው። ከማባዛትሽ በፊት ወደ ሰፊ ኢንቲጀር ለውጪው። በዚህም አትዘናጊ፤ ፋት 32 ፍላሽ ላይ 20 ጊጋባይት ባዶ ቢኖርም፣ አንድ ፋይል ከ4,294,967,295 ባይት ማለፍ አይችልም። ረጅም የሠርግ ቪዲዮ የሚቋረጠው እዚያ ነው።

6. መልሱ የጠየቅሽበት ሰዓት መልስ ነው። ሮቶው ግማሽ ነው ብለሽ ባልዲ እስክታመጪ ጎረቤት ይቀዳዋል። ዲስክም እንዲሁ ነው፤ ጠይቀሽ እስክትጽፊ ሌላ ፕሮግራም ይሞላዋል። ስለዚህ መጠየቅሽ የኦፕንን፣ የራይትንና የክሎዝን መልስ ከማየት አያድንሽም። ራይት ካዘዝሽው ያነሰ ባይት ጽፎ ሊመለስም ይችላል፤ ቁጥሩን አመሳክሪ።

7. ዋናውን ቅጂ ለማጥፋት የመጨረሻ ሁኚ። ያቺ ጸሐፊ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ማመልከቻውን ከወረቀቱ ላይ እንደገና ስትተይብ ግን አጠገቧ ቁጭ ብዬ መስመር በመስመር አነበብኩላት። ሲመሽ ፕሮግራሙን ከፍቼ መጀመሪያ የሰረዝኩት «ተጠናቀቀ» የሚለውን መስመር ነው። ወደ ቦታው የመለስኩት የተገለበጠውን ፋይል ከዋናው ጋር ባይት በባይት የሚያስተያይ ኮድ ከላዩ ከጻፍኩ በኋላ ነው።