ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዳላስ፦ ኪራዩ ብቻ አይታይ

ጥያቄ፦ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ። ዘመዶቼ «ዳላስ ኑሮ ርካሽ ነው፣ ና» እያሉ ይወተውቱኛል። እውነት ይሻለኛል?

መልስ፦ ኪራዩም የቤት ዋጋውም ዳላስ ይቀላል፤ ዘመዶችዎ አልዋሹም። ዳላስ ያለችበት የቴክሳስ ክፍለ ግዛት ከደመወዝ የገቢ ግብር አይቆርጥም፤ ሜሪላንድ ግን ክፍለ ግዛቱም ካውንቲውም ይቆርጣሉ። ችግሩ ቤት ሲገዙ ይመጣል። የቴክሳስ የቤት ግብር ከባድ ነው። በ350 ሺህ ዶላር ቤት ላይ 2 በመቶ ቢጣል በዓመት 7,000፣ በወር ወደ 583 ዶላር ይሆናል፤ የባንኩን ዕዳ ከፍለው ቢጨርሱ እንኳ ይህ አይቀርልዎትም። ዳላስ ባቡር ቢኖራትም ሰፊ ናት፣ ባልና ሚስት ሁለት መኪና ያስፈልጋችኋል፤ ኢንሹራንሱንና ቤንዚኑን አስሉት።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ገቢዎ ነው። የቴክሳስ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 7.25 ዶላር ሲሆን የሜሪላንድ 15 ነው። ገቢያችሁ አነስተኛ ከሆነ ደግሞ ሜሪላንድ ለወላጆችም ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) ትሰጣለች፤ ቴክሳስ ፕሮግራሙን ስላላሰፋች ሠርቶ አዳሪ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ አያገኝም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሥራውን በእጅዎ ያስገቡ። ከሄዱም አንድ ዓመት ተከራይተው ይቀመጡ እንጂ ቤት ለመግዛት አይቸኩሉ።