ሽታ የሌለው የምድጃ መርዝ

በክረምት ብርድ ሲጸና የከሰል ምድጃን ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ፥ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ይህ ልማድ ግን ብዙ ሰዎችን በተኙበት አስቀርቷቸዋል።

ጭሱ አልቆ ፍሙ ከቀላ በኋላ አደጋው ያለፈ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ይህም መልክም ሽታም የለውም። ወደ ደም ገብቶ ከሄሞግሎቢን ጋር ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ስለሚጣበቅ፥ ደም ለሰውነት ኦክሲጅን ማድረስ ይሳነዋል። ዕጣን ቢጤስም የቤቱን ሽታ ይለውጣል እንጂ መርዙን አያስወግድም።

የምድጃ ማርጀት አደጋውን ያባብሰዋል። የከሰል ምድጃ የአየር መግቢያው በአመድ ሲደፈን፥ የላምባ ምድጃም ፈትሉ አርጅቶ ነበልባሉ ቢጫ ሲሆንና ድስቱን ጥላሸት ሲያለብስ፥ በደኅና አለመንደዱን ያስታውቃል። ስለዚህ አመዱን መጥረግና ፈትሉን መለወጥ፥ ላምባም ከመጨመር አስቀድሞ እሳቱን አጥፍቶ ምድጃውን ማብረድ ይገባል። ሆኖም የነደደ ምድጃ አዲስም ቢሆን በተዘጋ ቤት አይደር።

በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ባንድነት ራሳቸውን ሲያማቸው፥ ሲያዞራቸውና ሲያቅለሸልሻቸው ምድጃውን መጠርጠር ያስፈልጋል። ወዲያው በሩን ከፍቶ ሁሉንም ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፥ ራሱን የሳተውንም ወተት ወይም ውሃ ሳያጠጡ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ ትምህርቱ በልጆች አፍ ወደየቤቱ ይገባል፤ ምድጃውም ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይወጣል።