የኪራይ ቤት አያያዝና የአካባቢ ጥበቃ በእምድብር፦ ስለ ጣሪያ ውኃ፣ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ጀፎረ

መግቢያ

እምድብር በጉራጌ ዞን የቸሃ ወረዳ ከተማ ናት። እንደ ማንኛውም የወረዳ ከተማ፣ በኪራይ ከሚኖሩባት መካከል መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞችና ከገጠር ለትምህርት የሚመጡ ተማሪዎች ይገኙበታል። የጉራጌ ተወላጅ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በንግድ የመሰማራት ልማዱ የቆየ በመሆኑ፣ ቤቱን በዘመድ እጅ ትቶ ርቆ የሚኖር አከራይ በአካባቢው እንግዳ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሕግ ድንጋጌዎችንና የታወቁ የግንባታና የንጽሕና መመዘኛዎችን መሠረት በማድረግ፣ የቤቱ ጥገና ሲጓደል ጉዳቱ ከግቢው አልፎ ወደ ጎረቤትና ወደ ጋራ መሬት እንዴት እንደሚሸጋገር ማሳየት ነው።

ኪራይና እድሳት በሕግ ታሪክ

በኢትዮጵያ የኪራይ ቤት ጥያቄ ከእድሳት ጥያቄ ተለይቶ አያውቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤቱን በመልካም ሁኔታ የመያዙን ዋና ግዴታ በአከራዩ ላይ አድርጎ፣ ተከራዩ የሚያከናውናቸውን ጥቃቅን እድሳቶች ለይቶ ያስቀምጣል። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ፣ አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች ለቀበሌዎች ተላለፉ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ተከራዩ ከኪራይ ጭማሪ ቢያርፍም፣ ዝቅተኛው ገቢ የእድሳትን ወጪ ሊሸፍን ባለመቻሉ ብዙ የቀበሌ ቤቶች ለእርጅና ተዳረጉ።

የግብር ሕጉም ይህንኑ ጉዳይ ይነካል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286/1994 የሒሳብ መዝገብ ለማይዝ አከራይ ከጠቅላላ የኪራይ ገቢው አንድ አምስተኛውን ለእድሳት፣ ለጥገናና ለእርጅና ቅናሽ እንዲይዝ ፈቅዶ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደግሞ መጠኑን ወደ ግማሽ አሳደገው። ቅናሹ ግን እድሳቱ መከናወኑን በማስረጃ ከማረጋገጥ ጋር አልተያያዘም። ስለዚህ ለጥገና ታስቦ የተተወው ገንዘብ ለጥገና መዋሉ ለአከራዩ ፈቃድ የተተወ ነው።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። አዋጁ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚፈጸመው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ይሁን እንጂ የሁለት ዓመት ዋስትና ለየትኛውም ከተማ ትምህርት አለው፤ በማንኛውም ወር ሊለቅ የሚችል ተከራይ ቦይ ለመጥረግ እምብዛም አይነሣሣም፣ ሁለት ክረምት እንደሚያሳልፍ ያወቀ ተከራይ ግን ይነሣሣል።

ክረምትና የጭቃ ቤት

በአካባቢው የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ በጭድ የተቦካ ምርግና የቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት የተለመደ ነው። የዚህ ቤት ቀዳሚ ጠላት ከመሬት የሚወጣ እርጥበትና ከጣሪያ ወርዶ በግድግዳው እግር ሥር የሚፈነጥቅ ውኃ ነው። ቋሚው ከሥሩ ሲረጥብ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይደፍረዋል።

የውኃው መጠን በቀላል ስሌት ይታወቃል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። ለምሳሌ 60 ካሬ ሜትር ክዳን ባለው ተከታታይ የኪራይ ክፍል ላይ 25 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,500 ሊትር ይወርዳል። አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ በአሸንዳ ወደ ታንከር የሚገባው 1,200 ሊትር ነው፤ በግቢው 15 ሰዎች ቢኖሩ ለእያንዳንዳቸው 80 ሊትር ይደርሳል። አሸንዳ ከሌለ ግን ያው ውኃ ግድግዳውን አርሶ ወደ ጎረቤት ግቢ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ርቆ የሚኖር አከራይ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ወደ ትውልድ ቀዬ የመመለሻው ዋና ወቅት መስቀል ሲሆን፣ መስከረም 17 ክረምቱ የሚሰናበትበት ጊዜ ነው። ባለቤቱ ሲደርስ ማፍሰሱ ቆሟል፣ ግድግዳውም መድረቅ ጀምሯል። ስለዚህ ጠቃሚው ምርመራ በግንቦት፣ ክረምት ሳይገባ የሚደረገው ነው።

መጸዳጃ ቤትና የመሬት ውስጥ ውኃ

አከራዩ በግቢው ክፍል ሲጨምር መጸዳጃ ቤቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ሆኖ ይቀራል። በሰብአዊ ዕርዳታ የሚሠራበት የስፌር መመዘኛ ለአንድ የጋራ መጸዳጃ ቤት ከ20 የማይበልጡ ተጠቃሚዎችን ያስቀምጣል፤ ጉድጓዱም ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ፣ ወለሉም ከከርሰ ምድር ውኃ ወለል ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ እንዲል ይመከራል። በጠባብ ይዞታ ላይ 30 ሜትር ማግኘት አዳጋች ስለሆነ ርቀቱ መለካት ያለበት ከጎረቤት የውኃ ጉድጓድ ጭምር ነው።

ጀፎረ

የጉራጌ መንደር ልዩ ምልክት የሆነው ጀፎረ፣ ቤቶች በግራና በቀኝ የሚደረደሩበት ሰፊ ሣራማ የጋራ ሜዳ ነው። ለቅሶ፣ ሸንጎና በዓል ይከናወንበታል፤ ከብትም ይግጥበታል። ወሰኑም በባህላዊ ሥርዓት ይጠበቃል። የኪራይ ግቢ ፍሳሽ ወደ ጀፎረ ሲለቀቅ ግን ወሰኑ ሳይገፋ ሜዳው ይጎዳል፤ ውኃው ሣሩን ገፎ ቦረቦር ያበጃል። የኪራዩን ጥቅም አንድ ሰው ሲያገኝ ጉዳቱን መንደሩ በሙሉ ይሸከማል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ሦስት ተግባራዊ ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ አሸንዳና ቦይ የሚያጸዳው፣ መጸዳጃ ጉድጓድ ሲሞላ ወጪውን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ውሉ ይገለጽ። ሁለተኛ፣ አከራዩ ከዓመት ኪራይ የአንድ ወሩን ለእድሳት ለይቶ ያስቀምጥ፤ ይህም ከገቢው አንድ አሥራ ሁለተኛ በመሆኑ፣ በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ከታሰበው ግማሽ በእጅጉ ያነሰ ነው። ሦስተኛ፣ ቤቱን በአደራ የያዘው ዘመድ ኪራይ ከመሰብሰብ በተጨማሪ በአነስተኛ ወጪ የማሳደስ ሥልጣን ይሰጠው። ለቀጣይ ጥናት የሚጋብዘው ጥያቄ የጀፎረን ወሰን የጠበቀው ባህላዊ ሥርዓት የግቢ ፍሳሽንም ሊዳኝ የሚችልበት አግባብ ነው።