በከፋ ቢሮ ውስጥ መልካም ስም ማትረፍ ይቻላል

የግብይት ክፍል ክፉ ዓመል ካለበት፣ በመኸር ይወጣል። ከኅዳር እስከ ጥር በአርሲ፣ በሁሩታ ዙሪያ ስንዴውና የቢራ ገብሱ በጋሪና በአይሱዙ ወደ መጋዘን ሲጎርፍ፣ አለቃ ከጠዋት እስከ ማታ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ኩንታል ገባ?» ማታ በስብሰባ ቁጥሩ የጎደለበት በሰው ፊት ይዋረዳል፤ የሞላለትም ድካሙ በሌላ ሰው ስም ሲነገር ይሰማል። ከዚያ ሹክሹክታ ነው፤ ማን ለአለቃው ምን አቀበለ፣ አበሉ ለማን ተጻፈ። ወዳጄ፣ እዚያ መሀል ካለሽ ልብሽ አይውደቅ። እዚያም ሆነሽ ስም ያለው ሠራተኛ መሆን ትችያለሽ!

«ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ይባላል። የግብይት ሠራተኛ ማጭዷ ሚዛኗ ነው፤ ሆድ ብሷት ከያዘችው የሚጎዳው አለቃዋ ሳይሆን ገበሬው ነው። ርክክቡን ቀረብ ብለሽ እዪው። ባለሙያዋ የናሙና መውጊያውን ጆንያው ጎን ሰክታ እፍኝ ገብስ ታወጣለች፤ መዳፏ ላይ ዘርግታ እንክርዳዱንና የተሰበረውን ትለያለች፤ እርጥበቱን ትለካለች። ገብስ ብቅል እንዲሆን መብቀል አለበት፤ እርጥቡን ያከማቹት እንደሆነ ሻግቶ አይበቅልም። ስለዚህ የሚመለስ ጆንያ አይጠፋም። ጠዋት በአለቃዋ የተሰደበችው ባለሙያ «አይሆንም፣ ውሰደው» ብላ ፊቷን ታዞራለች። ሌላዋም ተሰድባለች፤ ግን «አባባ፣ እርጥበቱ በዝቷል፤ ፀሐይ ላይ አስጥተው ይመልሱልኝ» ትላለች። የመጀመሪያዋ የመለሰችው ገበሬ ደላላ ፍለጋ ይሄዳል። ሁለተኛዋ የመለሰችው ጎረቤቱን አስከትሎ ይመጣል።

አርሲ ይህን ከድሮም ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ በጭላሎ አውራጃ ሥራ የጀመረው ካዱ የተባለው የግብርና ልማት ድርጅት፣ ከምርጥ ዘርና ከማዳበሪያ ጋር የራሱ የግብይት ክፍል ነበረው፤ ከገበሬው እህል ይገዛ፣ ወተት ይሰበስብ ነበር። ምርት ቢያድግ እንኳ ታማኝ ገዢ ከሌለ ገበሬው እንደማይጠቀም ለካዱ ሰዎች ገብቷቸው ነበር። አንቺም የያዝሽው ሥራ ይኸው ነውና አታሳንሺው።

ቢሮው ውስጥስ? በቃል የተሰጠሽን ትእዛዝ በቃል አትተዪው፤ «በተነጋገርነው መሠረት ዛሬ የምቀበለው ይህን ነው» ብለሽ ለአለቃሽ በቴሌግራም ጻፊለት፤ ነገ ነገር ሲመጣ የሚመሰክርልሽ ጽሑፉ ነው። ሥራሽን የራሱ አስመስሎ ያቀረበውን ባልደረባ ለብቻው ቡና ጋብዘሽ ፊት ለፊት ንገሪው። ካልታረመ ቀጣዩን ሪፖርት ራስሽ ለማቅረብ ጠይቂ። ምሳ ላይ የሌለ ሰው ሲታማ ወሬውን ወደ ሥራ መልሺው፤ መጀመሪያ ይከብዳል፣ ከዚያ ግን አንቺ ባለሽበት ማማት ራሱ ይቀንሳል።

ስድቡ ክብርሽን እስከ መንካት ከደረሰ ዝም ብለሽ አትሸከሚው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሰብአዊ ክብሩን የሚፃረር ድርጊት የፈጸመበት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችል ደንግጓል። ገበሬ አምኖ የሚፈልግሽ ከሆነ፣ ሌላ ቀጣሪም ይፈልግሻል።

ለዛሬው ግን ጠዋት ቀደም ብለሽ መጋዘን ግቢ። ባዶው ሚዛን ዜሮ ላይ መቆሙን እዪና፣ መጀመሪያ የመጣውን ገበሬ ጠርተሽ ቁጥሩን ራሱ እንዲያነበው አድርጊ።